ታሪኩ ሲያልቅ አስተማሪው ዝም ይበል

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። የእኔ ድርሻ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እንሰበሰባለን። ርቧቸዋል፣ ደክሟቸዋል፣ ውጭ ደግሞ ጓደኞቻቸው ሲሯሯጡ ይሰማቸዋል። በዚህ ሰዓት "የዛሬው ርእሳችን" ብሎ የጀመረ ሰው ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሳይደርስ ያጣቸዋል። ስለዚህ የማስተምረው በታሪክ ነው።

ሰሞኑን ከእኛ ጋር ማገልገል የጀመረች አንዲት እህት "ልጆቹን ዝም የምታሰኚው በምን ዘዴ ነው?" አለችኝ። ዝም አይሉም አልኳት። ያቋርጡኛል፣ ይጠይቃሉ፣ በጉ ሲጠፋ አብረው "ባ" ይላሉ። ይህን የምጽፈው እንደ እሷ ለጀመራችሁ ነው። ለወላጆችም ይጠቅም ይሆናል።

ታሪክ ስትመርጡ አንድ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግበትን ምረጡ። ዓይነ ስውሩ ማየት ይፈልጋል። እረኛው በጉን ይፈልጋል። ሐና ልጅ ትፈልጋለች። የነገሥታት ዝርዝር፣ የጦርነት ቅደም ተከተል፣ የትውልድ ሐረግ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ያለውን በአንድ ክረምት እጨርሳለሁ ብሎ የተነሣ ሰው አውቃለሁ፤ ነሐሴ ሲገባ ገና ግብፅ ነበር።

የጠፋውን በግ እንውሰድ፤ ሉቃስ ምዕራፍ 15 ላይ ያለውን። መቶ በጎች ያሉት ሰው አንዱ ይጠፋበታል። ዘጠና ዘጠኙን በምድረ በዳ ትቶ ፍለጋ ይወጣል። ሲያገኘው በትከሻው ተሸክሞት ይመለሳል፤ ወዳጆቹንና ጎረቤቶቹን ጠርቶ አብረውት ደስ እንዲላቸው ይጠይቃል። ተነብቦ ለማለቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የእኔ ልጆች ግን እረኛ በቅርብ አይተው አያውቁም። በግ የሚያውቁት በበዓል ዋዜማ ነው፤ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ሲመጣ፣ ወይ አባታቸው ከሾላ ገበያ እየጎተተ ሲያስገባው። እኔም ከዚያው እነሣለሁ። "በግ ገመድ በጥሶ ሲያመልጥ ያየ አለ?" እላለሁ። እጅ በእጅ ይሆናል። አንዱ የጎረቤታቸው በግ አስፋልት ተሻግሮ ፋርማሲ ገባ ይላል። ሌላዋ አባቷ በነጠላ ጫማ እየሮጠ እንዴት እንደወደቀ በተግባር ታሳያለች። ሰው ለአንድ በግ ሲል ምን ያህል እንደሚሮጥ ከራሳቸው አፍ ወጣ ማለት ነው። እረኛውን የማስገባው ይሄኔ ነው።

አጀማመሩ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ በጉ እንደተገኘ አንድ ልጅ "ከዚያስ አረደው?" አለኝ። አልፈረድኩበትም። እሱ በሚያውቀው ዓለም የተገኘ በግ መጨረሻው ድስት ነው። "ሊያርደው ያሰበ ሰው ይጎትተዋል ወይስ በትከሻው ይሸከመዋል?" አልኩት። ክርክር ተነሣ። አንዷ የደከመ በግ ነው የሚሸከሙት አለች። ሌላው ደግሞ "እሺ፣ ዘጠና ዘጠኙን ማን ጠበቃቸው?" ብሎ አመጣው። አዋቂዎችም የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ጽሑፉ አይመልሰውም። እኔም ልመልሰው አልሞከርኩም። ቤታቸው ይዘውት ሄዱ።

ፈጠራ ሲባል የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። ምን ይጨመራል? ምንስ አይነካም?

እኔ የምጨምረው በዓይን የሚታየውን፣ በቆዳ የሚሰማውን ነው። ፀሐዩን፣ አቧራውን፣ እሾሁን፣ የበጉን ክብደት። ለእግዚአብሔር፣ ለጌታ፣ ለመላእክት ያልተናገሩትን ቃል አልሰጥም። ተአምርም አልጨምርም። ከራሴ ያመጣሁትን ደግሞ "እኔ ሳስበው" ብዬ እጀምራለሁ። ልጆቹ ይህን ለምደውታል። አንዳንዴ መሀል ላይ "ቲቸር፣ ይሄ ተጽፏል ወይስ ስታስቢው ነው?" ይሉኛል። ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። መጽሐፉ የት እንደሚያበቃ እኔ የት እንደምጀምር የሚለይ ልጅ አድጎ በቀላሉ የሚያታልለው ሰው አያገኝም።

በዚያው ምክንያት "ተረት ተረት" ብዬ አልጀምርም። ልጆቹ "የመሠረት" ብለው ከመለሱ በኋላ የሚመጣው ነገር ከጅቡና ከጦጣዋ ጎን ይቀመጣል። ጦጣዋን እወዳታለሁ፤ ቦታዋ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ይልቅ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቼ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ። አላነበውም። ተከፍቶ ይቀመጣል፤ ታሪኩ ከየት እንደመጣ ያዩታል።

ቦታውን ማወቅ ለፈጠራ ትልቅ ስንቅ ነው። ደጉ ሳምራዊ ላይ "አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ወረደ" ሲል ቃሉ ለጌጥ አልገባም። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ገደማ ነች። ሰውዬው 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጎጃም ዘመድ ያላቸው ልጆች ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ አባይ በረሃን ያውቁታል። ጆሮ ሲደፈን፣ ሙቀቱ ሲጨምር፣ ከእያንዳንዱ ኩርባ ጀርባ ምን እንዳለ ሳይታይ። "እዚያ በእግራችሁ፣ ብቻችሁን" ስላቸው ሽፍታው ከመምጣቱ በፊት ይፈራሉ።

ሳምራዊው ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይሁድና ሳምራውያን አይግባቡም ነበር ብሎ ማለፍ ለልጅ ምንም አይነግረውም። አንዳንዶች ታሪኩን ቅርብ ለማድረግ ሳምራዊውን የሆነ ብሔር ስም ይሰጡታል። እኔ አላደርገውም። በዚህ ዘመን፣ በዚህች ከተማ፣ የዚያ ብሔር ልጅ ከፊቴ ተቀምጧል። የተጠላው ወገን ተብሎ ስሙ የተጠራ ልጅ ከዚያ በኋላ ደግነቱን አይሰማም።

የማደርገው ሌላ ነው። ካህኑና ሌዋዊው ካለፉ በኋላ "ዓይናችሁን ጨፍኑ" እላለሁ። "መንገድ ላይ የወደቃችሁት እናንተ ናችሁ። የእግር ኮቴ ይሰማል። ሰው እየመጣ ነው። እንዲያነሣችሁ ጨርሶ የማትፈልጉት አንድ ሰው አስቡ። ስሙን ለማንም አትናገሩ።" ትንሽ እጠብቃለሁ። ከዚያ ያ ሰው ይቆማል። ቁስላቸውን በዘይትና በወይን ያጥባል። በራሱ አህያ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ይከፍላል፤ በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዝ ነው። ዓይናቸውን ሲከፍቱ አንዳንዶቹ ፊታቸው ተለውጦ አያለሁ። ማንን እንዳሰቡ ጠይቄ አላውቅም።

ይህ መንገድ የነቢዩ ናታን ነው፤ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ አለ። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን አስገድሏል። ናታን ገብቶ ወቀሳ አልጀመረም። አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድሃ ነገረው፤ ከጽዋው የምትጠጣ፣ እንደ ልጁ በብብቱ የምትተኛ። ብዙ መንጋ ያለው ሀብታም ያቺን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው አረዳት። ዳዊት በቁጣ ነደደ። ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ነው ናታን "ያ ሰው አንተ ነህ" ያለው። ንጉሥን ያህል ሰው በቀጥታ ቢመጡበት በሩን ይዘጋ ነበር።

ናታን ግን ተልኮ የመጣ ነቢይ ነው፤ የሚያናግረውም ሰው ገዳይ ነው። እኛ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ "ያ ሰው አንተ ነህ" ማለት አያስፈልገንም። ብዙ አስተማሪ ታሪኩን አሳምሮ ነግሮ መጨረሻ ላይ "ስለዚህ ልጆች፣ ከዚህ የምንማረው" ሲል ክፍሉ ሲበተን አያለሁ። ልጆች ይህን ዐረፍተ ነገር ከሩቅ ያውቁታል። ታሪኩ የቀረበላቸው ለምክር ማባበያ እንደነበር ይገባቸዋል፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ምክሩን ይጠብቃሉ። የጠፋው ልጅ ታሪክ እንዴት እንደሚያልቅ እዩት። ታላቅ ወንድሙ ተቆጥቶ ውጭ ቆሟል፤ አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል። ገባ ወይስ አልገባም? ጌታ አልነገረንም። ጌታ የተወውን መጨረሻ እኔ ምን ብዬ እጨምርበታለሁ?

ስለዚህ ስጨርስ ዝም እላለሁ። ያ ጊዜ ሲበዛ ይጨንቃል፤ አፍ ለመናገር ይቸኩላል። ልምምድ ነው። ከዚያ "የቱ ጋ ደነገጣችሁ?" እላለሁ። ቀጥሎ "ከዚያ ውስጥ ማንን ብትሆኑ ትወዳላችሁ?" ብዙ ጊዜ አህያውን ይመርጣሉ።

አንድ የደብሩ አባት ይህን ሰምተው "ልጄ፣ ታሪኩ መልካም ነው፤ ትምህርተ ሃይማኖቱስ?" አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር በታሪክ ብቻ አይያዙም። ምሥጢረ ሥላሴን በምሳሌ ለማስረዳት የሞከረ ሁሉ የት ላይ እንደሚያንሸራትት ያውቃል። ለዚያ ሥርዓት ያለው ትምህርት አለ፤ ከፍ ሲሉ ይማሩታል። ግን ምሥጢረ ጥምቀትን የሚማር ልጅ ዮርዳኖስ ዳር ቆሞ በሐሳቡ ካየ፣ መምህሩ ሥራው ይቀልለታል። እሳቸው ከዚያ ወዲህ የምጨምረውን እንዳነብላቸው ፈቀዱልኝ። ይህን ሁላችሁም አድርጉት። የሚያርም አባት ያለው ሰው በድፍረት ይተርካል።

መሣሪያ ገዝታችሁ አትልፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ሥዕል ሞልቶታል። ልጆቹን ይዛችሁ ዙሩ። በጥንቱ የአገራችን አሳሳል ቅዱሳን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ፣ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ይህን አንዴ ንገሯቸውና ልቀቋቸው። "ይሁዳን አገኘሁት!" ብሎ የሚጮህ አይጠፋም። ዘጌ ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ወይም ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ታሪክ ግድግዳው ላይ ያነባል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በመላእክት ፊት የተሞላ ነው፤ ልጆች አንገታቸው እስኪያማቸው ይቆጥራሉ።

የቅዱሳኑን ታሪክ የበዓላቱ ቀን ይመርጥልኛል። ጥቅምት 14 አቡነ አረጋዊ፤ ዘንዶው ወደ ደብረ ዳሞ ሲያወጣቸው። ሚያዝያ 23 ቅዱስ ጊዮርጊስ። ግንቦት 11 ቅዱስ ያሬድ። (የሌላ ቤተ እምነት አስተማሪዎች ይህን ክፍል ልትዘሉት ትችላላችሁ።) ከሁሉ የምወደው የያሬድን ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ አክሱም አካባቢ። ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ አጎቱ መምህር ጌዴዎን ሲገርፈው ጠፍቶ ይሄዳል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ወደ ላይ ሲወጣ ያያል። ትወጣለች፣ ትወድቃለች። ልጆቹ ጣታቸውን ክንዳቸው ላይ እያስኬዱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። ስድስት ጊዜ። በሰባተኛው ትደርስና ፍሬውን ትበላለች። ያሬድ ይነሣል፣ ወደ አጎቱ ይመለሳል። እዚህ ላይ አቆማለሁ። "እናንተም በርትታችሁ አጥኑ" የምትል ዐረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ትመጣለች፤ እውጣታለሁ። ፈተና የወደቀው ልጅ ሳልነግረው ሰምቷል። ዜማውን ሲያዜም ንጉሥ ገብረ መስቀል ጦራቸውን ሳያውቁት እግሩ ላይ እንደተከሉ፣ እሱም ሳይሰማው ዜማውን እንደጨረሰ ለሚቀጥለው ሳምንት አቆየዋለሁ። "ሳምንት ጦር አለ" ካልኳቸው የሚቀር የለም።

የበላዔ ሰብእን ታሪክ ግን ለትናንሾቹ አልነግርም። 78 ሰው የበላ ሰው ታሪክ ለሰባት ዓመት ልጅ ሌሊቱን ያረዝምበታል። የታሪኩ ልብ ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው፤ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው የተሰጠችው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑን ስትደፋ። ትናንሾቹ እዚያ ሳይደርሱ መብላቱ ላይ ይቀራሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በየካቲት 16 ይሰሙታል።

ድራማ ከሠራችሁ ዋናው ጭንቀት የሚና ክፍፍል ነው። ሄሮድስን መሆን የሚፈልግ የለም፣ አህያ መሆን የሚፈልግ ሰልፍ ነው። እኛ ጌታንና እመቤታችንን በሰው አናስወክልም። የጌታ ቃል ከመጋረጃ ጀርባ ይነበባል፤ ልጆቹ ወደ መጋረጃው ያያሉ። አልባሳት ነጠላና ጋቢ ይበቃል። የካርቶን ክንፍ ላይ ጊዜያችሁን አትጨርሱ፤ መድረክ ላይ ሲወጡ ይረግፋል።

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ የምታስተምር ጓደኛዬ ልጆቿ አማርኛ ግማሹን ብቻ ነው የሚሰሙት። እሷ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ትነግራለች፤ ግን በየታሪኩ አንዲት ተደጋጋሚ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ታደርጋለች። በበጉ ታሪክ "በጌ የት አለህ?" የምትል ናት። እረኛው ተራራ በወጣ ቁጥር ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጣራሉ። ቤት ገብተው ለአያታቸው በስልክ ሲሏት አያትየዋ እንዳለቀሰች ነግራኛለች። እኔም ሐሳቡን ወስጄ አዲስ አበባ ላይ እጠቀምበታለሁ፤ ተደጋጋሚ ቃል ያለው ታሪክ ልጁ ከልቡ አይጠፋም። ሳምንቱን ደግሞ በቴሌግራም አጭር የድምፅ መልእክት ለወላጆች እልካለሁ። ታሪኩን አልደግምበትም። "ልጃችሁን ስለ ትሏ ጠይቁት" እላለሁ፣ በቃ። ነጋሪው ልጁ ይሁን።

ዝግጅቴን ለጠየቀኝ፦ ክፍሉን ዓርብ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ቅዳሜ ሳላይ ለእኅቴ እነግራታለሁ። በቃሌ የማጠናው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። መጨረሻውን የማያውቅ ተራኪ ማረፊያ አጥቶ ይዞራል። ከአሥር ደቂቃ አላልፍም። በእጄ አንድ ዕቃ እይዛለሁ፤ ዱላ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ ወይ አንድ ሳንቲም። ሁለት ዕቃ ከሆነ ዓይናቸው ዕቃው ላይ ይቀራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነግሩ ከሆነ በዘኬዎስ ጀምሩ፤ ሉቃስ 19። አንድ አጭር ሰው፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ ቤት። መጽሐፉ ዛፉን ሾላ ስለሚለው የአዲስ አበባ ልጆች ከገበያው ጋር አያይዘው ይስቃሉ፤ ይሣቁ። ሀብታም የቀረጥ ሰብሳቢዎች አለቃ ልብሱን ሰብስቦ እንደ ልጅ ዛፍ ላይ ይወጣል። ሰው ሁሉ የሚጠላው እሱ ነው፤ ጌታ ግን በስሙ ጠርቶ ቤትህ እገባለሁ ይለዋል። ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ ያጭበረበርኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ልጆቹን አስቆጥሯቸው፤ መቶ ብር የወሰደ ስንት ይመልሳል? ዘኬዎስን ለመወከል ከክፍሉ አጭሩን ልጅ አትምረጡ፤ ዓመቱን ሙሉ ዘኬዎስ እያሉ ይጠሩታል። ረጅሙን ምረጡና አጎንብሶ ይሂድ። ዛፉ ወንበር ሊሆን ይችላል። ወንበሩን ግን አንድ ትልቅ ሰው ይያዝላችሁ።